በግማሽ የቀረ ንቅሳት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ዓምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሰው ሁሉ «አለፈ እኮ፣ እርሺው» ይለኛል። ልጄ ስቃ ድዷ ብልጭ ባለ ቁጥር ግን ያ የሆስፒታል ኮሪደር ፊቴ ይመጣል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ አጻጻፌ ቢያነክስ ይቅር በሉኝ። እንደሆነው አድርጌ ነው የምነግራችሁ።

የምኖረው ሰበታ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ጉሊት ተቀምጬ ድንችና ሽንኩርት እየቸረቸርኩ አንዲት ልጄን አሳደግሁ። ስሟ ሌንሳ ነው። ሱሉልታ ወተት የሚያሽግ ፋብሪካ ተቀጥራ እዚያው ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ወደኔ ትመጣለች፣ እሁድን አብረን ውለን ሰኞ በጠዋት ትመለሳለች።

የዚያን ቅዳሜም እንደ ልማዷ ደወለች። «እማዬ፣ ተሳፈርኩ። መኪናው ጢም ብሏል፣ ቆሜ ነው የምመጣው» አለችኝ። «ታዲያ ለምን ሌላ አትጠብቂም?» ስላት «ሌላውም ያው ነው» ብላ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ስልኳ ጠፋ።

ባትሪዋ አልቆ ይሆናል አልኩ። የሠራሁት ወጥ ቀዘቀዘ። ደጅ ወጥቼ መንገዱን አያለሁ፣ እገባለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። ሲመሽ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ፖሊስ ነው። «የሌንሳ እናት ነዎት? መታወቂያዋ ላይ ተጠሪ ብላ ያስመዘገበችው እርስዎን ነው» አለኝ። ከሱሉልታ ሲመጣ የነበረ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገልብጦ እሳት መያዙን ነገረኝ።

«ልጄስ?» አልኩት።

«ጠዋት ሆስፒታል ይምጡ። ሰው ይዘው ይምጡ።»

ሰው ይዘው ይምጡ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው ሰው የለም።

ጎረቤት ተሰበሰበ። የባሌ ታላቅ ወንድም ኦቦ ቶላም መጡ። ሲነጋ የእድሩ ሰዎች የድንኳን ብረት ተሸክመው ሲገቡ አየሁ። «ሬሳዋን ሳላይ ድንኳን እንዳትተክሉብኝ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቴ እታለም አቀፈችኝ፣ በጀርባዬ በኩል ግን ለሰዎቹ በእጇ ቀጥሉ ስትላቸው ታውቆኛል።

ሆስፒታሉ አዲስ አበባ ነው። ከሬሳ ክፍሉ ፊት ለፊት ረጅም ኮሪደር አለ፣ ግድግዳው ጥግ አግዳሚ ወንበር። እዚያ አንዲት ሴት ተቀምጣ አገኘሁ። በእኔ ዕድሜ ናት፣ ጥቁር ሂጃብ ለብሳ ሙስበሃዋን ትቆጥራለች። ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ከየት መጣሽ እህቴ?»

«ከሰበታ።»

«እኔ ከቡራዩ። ዘይነባ እባላለሁ። ወደ ገፈርሳ መውጫው ላይ ሱቅ አለን። ልጄ ሱሉልታ አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳ ትናንት ሳትመለስ ቀረች። እዚያ መኪና ላይ ትኑር አትኑር አላውቅም፣ ለማጣራት ያህል ነው የመጣሁት» አለችኝ። ከዚያ የኔን ሁኔታ አይታ እጄን ያዘችኝ። «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል። አብሽሪ።»

ኦቦ ቶላም ከጎኔ ቆመው በኦሮምኛ «ሂን ሶዳቲን» ይሉኛል፣ አትፍሪ ማለታቸው ነው።

ፖሊሱ መጥቶ ነገሩን አስረዳን። የሞቱት ሌሎች ሰዎች በመልካቸው ታውቀው ቤተሰብ ወስዷቸዋል። የቀረችው አንዲት ወጣት ሴት ናት፣ መልኳ አይለይም። የሌንሳ ቦርሳ ከሥሯ ተገኝቷል። በደረቷ ተኝታበት ስለነበር ቦርሳው ዳር ዳሩ ብቻ ነው የነደደው፣ መታወቂያዋ ደህና ነው። ስልኩ ግን በሙቀቱ ተበላሽቷል።

ቦርሳውን አሳየኝ። የሌንሳ ነው። ዚፑ ላይ ያሰረችው ቀይ ክር እንኳ እንዳለ ነው።

«ልያት» አልኩ። «ልጄን ልያት፣ እኔ ጠረኗን አውቃለሁ።»

አንድ ወጣት ሀኪም ከውስጥ ወጣ። ጭምብሉን ወደ አገጩ አወረደና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «እናቴ፣ አላሳይዎትም። ቢያዩም አይለዩዋትም፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከዓይንዎ አይጠፋም። በጥርስ ነው የምንለያት። ጥርስን እሳት ቶሎ አይበላውም፣ ከንፈርም ይሸፍነዋል። የልጅዎን አፍ ይንገሩኝ።»

የልጅዎን አፍ ይንገሩኝ! ጡት ያጠባሁትን አፍ።

«ጥርሷን ታክማ ታውቃለች? የተሞላ፣ የተነቀለ፣ ራጅ የተነሳችበት?»

«ኧረ በጭራሽ። ሀኪም ነክቶት አያውቅም።»

«ያልበቀለ ጥርስስ አላት?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሌንሳ ገና ሕፃን ሆና ተቅማጥና ትውከት ይዟት ግግ ነው ተባለ። ሰፈር ውስጥ የምታወጣ ሴት ነበረች፣ የታች ድዷን በጥታ አወጣችላት። ያን ጊዜ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ስታድግ ከታች በግራ በኩል ክራንቻዋ ሳይበቅል ቀረ። ይህንኑ ነገርኩት።

ሀኪሙ እንደገና ጠየቀኝ።

«በግራ ነው ያሉኝ?»

«በግራ።»

«ከታች?»

«ከታች። ለምን ትደጋግመኛለህ ልጄ? ንገረኝ!»

«ይህችም እዚያው ቦታ ላይ ጥርስ የላትም» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ በኋላ ወለሉ ላይ ራሴን አገኘሁት። ኦቦ ቶላ «ያ ዋቅ! ያ ዋቅ!» እያሉ ፈጣሪያቸውን ይጠራሉ። ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቴን በውሃ የምታብሰኝ ዘይነባ ነበረች። እጇ ሞቃት ነበር። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ዶክተር፣» አለች፣ «የኔም ልጅ ግግ ወጥቶላታል።»

«በየት በኩል?»

«እሱን እንጃ። ከታች ነው። ግራ ይሁን ቀኝ… ወይ ጉዴ፣ እናት ሆኜ እሱን እንኳ አላውቅም።»

ሀኪሙ ሁለታችንንም አየን። «በግግ ብቻ ለመወሰን ይከብዳል። እዚህ ከሚመጡት ብዙዎቹ ግግ የወጣላቸው ናቸው። ሌላ ምልክት እፈልጋለሁ። ድዷ ላይስ?»

«ተነቅሳለች» አልኩ።

ዓይኑ ላይ የሆነ ነገር አየሁ። አዎ አላለም፣ አይደለምም አላለም። እኔ ግን ዓይኑን አይቼ ይህችም የተነቀሰች መሆኗ ገባኝ። ድንገት ግን ተፈናጥሬ ተነሳሁ።

«በግማሽ ነው! ልጄ በግማሽ ነው የተነቀሰችው!»

«ማለት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌንሳ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሳለች ተጂ ከተማ፣ አክስቷ ቤት ለበዓል ሄደን ነበር። ነቃሿ መጥታ የሰፈሩን ልጃገረዶች ተራ በተራ ድዳቸውን በመርፌ እየወጋች ጥላሸቱን ታገባለች። ሌንሳም «እኔም፣ እኔም» ብላ ተቀመጠች። የላይኛው ድዷ በቀኝ በኩል እንዳለቀ ግን የሴትዮዋን እጅ ነክሳ አመለጠች! የጤፍ ጭድ ክምር ውስጥ ተደብቃ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ንቅሳቷ መሐል ላይ በመሥመር የተከፈለ ይመስል ቀኙ ጥቁር፣ ግራው ቀይ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ «ግማሽ» እያሉ ይጠሯት ነበር። ስትስቅ አፏን በእጇ የመሸፈን ልማድ ያመጣባት እሱ ነው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ «አስጨርሺው፣ ሙሽራ ስትሆኚ ሰው ምን ይላል» ብዬ ጨቅጭቄያታለሁ።

ሀኪሙ እስክጨርስ አልጠበቀም። «ቀኙ ጥቁር፣ ግራው ያልተነካ፣ አይደል?» ብሎ ተነስቶ ገባ። በሩ ተዘጋ።

እኔና ዘይነባ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ቀረን። የልቤን ብነግራችሁ፣ ያን በር እያየሁ የምጸልየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሙሉ ይሁን። ሙሉ ጥቁር ይሁን። ሙሉ ከሆነ የማን እንደሚሆን አላሰብኩም። ወይም አስቤዋለሁ፣ ግን ዞሬ አላየሁትም።

«ያንቺስ ልጅ ተነቅሳለች?» አልኳት።

ሙስበሃው ብቻ በጣቶቿ መሐል ቶሎ ቶሎ ይሄድ ጀመር።

በሩ ተከፈተ። ሀኪሙ ወደኔ መጣ። «እናቴ፣ የላይኛው ድድ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። ተጀምሮ የቀረ ንቅሳት አይደለም። የእርስዎ ልጅ አይደለችም።»

በጉልበቴ ወደቅሁ። «ተመስገን! ተመስገን!» እያልኩ ያን ቀዝቃዛ ወለል ሳምኩት። ከአፌ ሲወጣ ማቆም አልቻልኩም። ቀና ስል የዘይነባን እግር አየሁ። ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ነው የተቀመጠችው። ቀስ ብዬ ወደ ፊቷ ዓይኔን አነሳሁ።

«የኔ ሙሉ ናት» አለች። ድምፅዋ በጣም ዝቅ ያለ ነበር። «ወሎ አያቷ ጋ ነው ያስነቀስኳት። እያለቀሰች እስከ መጨረሻው ቻለችው። ጎበዝ ናት ኸይሪያ።»

ከዚያ ኦቦ ቶላ፣ ነገሩ ስላልገባቸው ይመስለኛል፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። እሳቸው ሲያንሾካሹኩ ግን ሰፈር ይሰማል። «ታዲያ የሌንሳ ቦርሳ በሰው ልጅ እጅ ምን ይሠራል? ሰርቃት ይሆናል እንጂ።»

ዘይነባ ብድግ አለች። እስከዚያ ድረስ እንባ አልወጣትም ነበር። «ልጄን ሌባ አይበሉብኝ አባቴ! የፈለገችውን ከአባቷ ሱቅ አንስታ የምታድር ልጅ ናት። የሰው እቃ አትነካም። ሞታ እንኳ ሌባ ይበሏት?»

«እኔ እንኳ…» አሉ ኦቦ ቶላ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት አዩ። «ይቅር በይኝ ልጄ። ያ ዋቅ፣ ምን አስባለኝ።»

እውነቱን ልናገር? ያው ሐሳብ በእኔም ጭንቅላት ብልጭ ብሎ ነበር። ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። ያቺ ልጅ ሌንሳ ካልሆነች ሌንሳ የት ናት? ቁልቁለቱ ገደል ውስጥ ወድቃ ይሆን?

ኸይሪያ የኋላ ጥርሷን ቡራዩ አንድ ክሊኒክ አስሞልታ ነበር። አባቷ የዚያን ጊዜ የተነሳችውን ራጅ ከቤት ይዞ መጣ። ትንሽ ጥቁር ፕላስቲክ ናት። ሀኪሙ መስኮቱ ላይ ለብርሃኑ ከፍ አድርጎ ያዛት። ከውስጥ አዲስ ያነሳውን ከጎኗ አደረገ። ዘይነባ ልጇን ፎቶ ላይ የምትፈልግ ይመስል አንገቷን አስግጋ ታያለች። «እርግጠኛ ነህ የኔ ልጅ?» አለችው። ሀኪሙ በጣቱ አንዷን ነጭ ነጥብ፣ ከዚያ ሌላኛዋን አሳያት። መልኳ አንድ ነው። እኔም አየሁት። አባትየው ግድግዳውን ተደገፈ።

ልክ ያን ጊዜ የኦቦ ቶላ ስልክ ጮኸ። ሰምተው ለእኔ ሰጡኝ። እታለም ናት፣ እየጮኸች ነው። «መጥታለች! በእግሯ መጥታለች! ሌንሳ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣለች! ነይ አንቺ ሴትዮ!»

ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። በዚያ ኮሪደር ሁለተኛ ተመስገን ማለት አልቻልኩም። ዘይነባን ላቅፋት ሄድኩ። አቀፈችኝም። ጆሮዬ ላይ «ተገኘች?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ይህንን ቃል ከአፏ ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ ልጄን ከቦ ይዳብሳታል። ሌንሳ «እማዬ!» ብላ ስትሮጥብኝ አቅፌ ልስማት አልቻልኩም። አገጯን ያዝኩና «አፍሽን ክፈቺ» አልኳት።

«ምን?»

«ክፈቺ!»

ከፈተች። ቀኙ ጥቁር፣ ግራው ቀይ። ከዚያ ነው ያለቀስኩት።

የሆነውን ነገረችኝ። ቅጥቅጡ ውስጥ ቆማ ሳለ ወንበር የያዘች አንዲት ልጅ «ቦርሳሽን ልያዝልሽ፣ ከበደሽ» ብላ ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገችላት። መቼም ልማዳችን ነው፣ የተቀመጠ የቆመን ሰው እቃ ይይዛል። ወሬ ጀመሩ። ሌንሳ ስትስቅ ልጅቷ ድዷን አየችና «እንዴ! ግማሹን ማን ቀማሽ?» አለቻት።

«የሴትዮዋን እጅ ነክሼ አመለጥኩ» አለች ሌንሳ።

«ፈሪ! ነይ ወሎ ልውሰድሽና እናስጨርስሽ» ብላ ልጅቷ ሙሉ ጥቁር ድዷን አሳየቻት። ሁለቱም ሳቁ። ሌንሳ «እማዬ፣ አፌን በእጄ ሳልሸፍን ነው የሳቅሁት» ትላለች።

ቁልቁለቱ ሳይጀምር ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ነበር። ረዳቱ እንደ ልማዱ «ትርፍ የሆናችሁ ውረዱ፣ በእግር እለፉት፣ ከፊት ቆመን እንጭናችኋለን» አለ። የቆሙት ሁሉ ወረዱ። ሌንሳ ቦርሳዬን ስትል ልጅቷ «ተዪው፣ አሁን ትመለሺ የለ፣ እኔ ጋ ነው» አለቻት። ትራፊኩን በእግር አለፉ። መኪናው ግን አልጠበቃቸውም። ፍሬኑ ያን ጊዜ እምቢ ብሎት ይሁን፣ ረዳቱ ረስቷቸው ይሁን እግዜር ይወቅ። ሌንሳ ስልክም ገንዘብም የላት። የእኔን ቁጥር በቃሏ አታውቀውም፣ ስልኳ ላይ «እማዬ» ብላ ነው የያዘችው። ከወረዱት ጋር በእግሯ ወደ ሱሉልታ ተመለሰች። ጠዋት ከአከራይዋ የመሳፈሪያ ተቀብላ ስትመጣ ነው መኪናው መቃጠሉን የሰማችው።

«ያቺ ልጅስ ተርፋ ይሆን እማዬ?» አለችኝ። «ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።»

«ኸይሪያ ትባላለች» አልኳት።

በማግስቱ ኸይሪያ ከተቀበረች በኋላ ሦስታችን ቡራዩ ሄድን። ኦቦ ቶላ ካልሄድኩ ብለው ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሌንሳ ዘይነባ እግር ሥር ተንበርክካ «ቦርሳውን እኔ ነኝ የሰጠኋት። ልያዝልሽ ብላኝ ነው» አለች። ዘይነባ ወደ ዘመዶቿ ዞረች። «ሰማችሁ? ልያዝልሽ ብላት ነው።» ደጋግማ አለችው። ከዚያ ለሌንሳ፣ «ሌላስ ምን አለችሽ?»

ሌንሳ አመነታች። «ፈሪ አለችኝ።»

ዘይነባ ሳግ ይሁን ሳቅ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። «እሷ ናት። እሷው ናት በቃ። እስቲ አፍሽን አሳዪኝ።»

ልጄ አፏን ከፈተች። ዘይነባ በጣቷ ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው። ኸይሪያ በመጨረሻ ያየችውን ነገር ማየቷ እንደሆነ ገባኝ።

ስንነሳ ሌንሳን «ቦርሳሽን ፖሊስ ሲመልስልሽ፣ የማትፈልጊው ከሆነ ለእኔ ስጪኝ። በመጨረሻ ያቀፈችው እሱን ነው» አለቻት። ወሰድንላት። አሁን ዘይነባ ቤት ነው ያለው፣ ቀይ ክሩ እንደታሰረበት።

ዓመት ሊሆነው ነው። ሰዎች ሌንሳን «አሁንስ አስጨርሺው» ይሏታል። እሷም አትፈልግ፣ እኔም አልፈልግ። እንቅልፍ ወስዷት አፏ ከተከፈተ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ያ ቀይ ግማሽ መኖሩን ሳላይ አልረጋም። ባየሁት ቁጥር ደግሞ ያኛው፣ ሙሉው፣ አብሮ ይታየኛል። የእኔ «ተመስገን» ከዚያ ወለል ላይ እስካሁን የተነሳ አይመስለኝም።

መኪና ላይ ቆሜ ሰው «እናቴ፣ ዘንቢልዎን ልያዝልዎት» ሲለኝ ልቤ ይደነግጣል። እሰጣለሁ። ግን ሳልሰጥ በፊት ስሙን እጠይቃለሁ። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። እስኪነግረኝ ድረስ ዘንቢሌን አለቅም።